የአጥሚት ሻጮቹ ልመና

አንድ የገበያ ዳኛ ነበረ። አንዳርጌ ልጄ፣ ብስኩት ፋብሪካህ ላይ የስኳር ልክ ሊወጣብህ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ «መንግሥት በሰው አፍ ምን አገባው?» ብለህም ጠይቀኸኛል። መልሴ የዚህ ዳኛ ታሪክ ነውና እስክጨርስ አታቋርጠኝ።

ዳኛው ሚዛን ያጎደለውን ይቀጣል፤ ቅቤ ውስጥ ሙዝ የቀላቀለውን ከገበያ ያባርራል። ሰው ይወደው ነበር። እሱም መወደዱን ይወድ ነበር፣ ምን ያድርግ! በዚያ ገበያ ሴቶች አጥሚት ይሸጣሉ። ድሮ ጨው ጣል የተደረገበት የገብስ አጥሚት ነበር። ኋላ አንዷ ስኳር ጨመረችበትና ገበያተኛው ሁሉ ወደ እሷ ጎረፈ። ጎረቤቷ ከዚያ የባሰ ጨመረች። ሦስተኛዋማ ጭራሽ ሽሮፕ አደረገችው! የዳኛው ሚስት ሳትቀር በየገበያው ቀን በማሰሮ ታስመጣ ነበር።

አንድ ቀን ሻጮቹ ተሰብስበው ዳኛው ፊት ቆሙ። ከመካከላቸው አንዲት መበለት ተናገረች።

«ጌታዬ፣ የልጆቹ ጥርስ እያለቀ ነው። ትልልቆቹም በስኳር በሽታ እየወደቁ ነው። እኔ ብቻዬን ብቀንስ ዞር ብሎ ያየኝ ሰው የለም፤ ልጆቼ ጦማቸውን አደሩ። እባክዎ ለሁላችንም አንድ ልክ ያውጡልን። ሁላችንም ከቀነስን ማናችንም አንጎዳም።»

ዳኛው ሳቀ። «እናንተ ሴቶች! ጉሮሮ ውስጥ ገብቼ ልፍረድ? ያልፈለገ አይጠጣ» ብሎ ሸኛቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ ነገሩ ገብቶት ነበር። ጣፋጭ ከለከለን ተብሎ መጠላትን ፈርቶ ነው።

ዓመታት አለፉ። ሚስቱ ውሃ ውሃ ማለት ጀመረች፣ ከሳች። ሐኪሙ ስኳር ነው አላት። ዓይኗ ቀስ በቀስ ፈዘዘ፤ በመጨረሻም ጨርሶ ጠፋ። አንድ ጠዋት የባሏን ፊት በእጇ እየዳሰሰች፣ «ሸብተሃል እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

ዳኛው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ገበያ ሄደና ሻጮቹን ሰብስቦ የስኳሩን ልክ ወሰነ። ይጮኹብኛል ብሎ ሲጠብቅ መበለቲቱ «እግዜር ይስጥልን» አለችው። ገበያተኛው ጥቂት ሳምንት አጉረመረመ፤ ከዚያ ለመደው። እንዲያውም አንዳንዱ ገብሱ አሁን ገና ገብስ ገብስ አለኝ ይል ጀመር። ያን ሁሉ ዓመት የፈራው ነገር ይኸው የጥቂት ሳምንት ማጉረምረም ብቻ ነበር። ዳኛው ቤቱ ገባ፣ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ።

አየህ አንዳርጌ፣ አንተ ከአጥሚት ሻጮቹ እንደ አንዷ ነህ። ብቻህን ብትቀንስ ጎረቤትህ ገበያህን ይወስድብሃል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ደንቡ የመጣው የሁላችሁንም ስኳር እኩል ሊያወርድ ነው። መንግሥትም እንደ ዳኛው ዘግይቷል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ መዘግየቱ ነው። የጠፋ ዓይን ደንብ ስለወጣ አይበራም። ቢሆንም አትሟገተው ልጄ። ያን ብስኩት የሚበሉት የሌላ ሰው ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ያንተም ይበሉታል።