የድንኳን አከራዩ አማች

ትናንት የበላሁት ሽሮ ተመልሶ ይነቀኝ፣ ይህን አታምኑኝም! አትመኑኝ፤ ብቻ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ከመንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ይታገሱ የሚባል ጎረምሳ ነበር። ሥራው ድረ ገጽ መሥራት ነው። ሆቴል ያለውን ሆቴሉን፣ ሱቅ ያለውን ሱቁን፣ አገር ሁሉ በስልኩ ከፍቶ እንዲያይለት ያደርጋል። አለቃ የለው፣ ቢሮ የለው፣ ደመወዝ የለው፤ የጠራው ካለ ይሠራል፣ የጠራው ከሌለ ቁጭ ነው። በደጉ ጊዜ ከዚህም ከዚያም ይጠሩት ስለነበር በቀኙ እየጎረሰ በግራው ይሠራ ነበር። ኋላ ኑሮው ተወደደ፣ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ደንበኛውም ጠባዩን ለወጠ። አንዱ "የፋሲካ ሰሞን እንነጋገራለን" አለው፤ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ግን አልነገረውም። አንዱ ሦስት ሥራ አሠርቶ የአንዱን ልክፈል አለ። አንዷማ "የእህቴ ልጅ በነፃ ይሠራልኛል" ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት፤ የእህቷ ልጅ ገና ጥርስ አላበቀለም! የይታገሱ ኮምፒውተር ከመቀመጥ ብዛት ዶሮ እንቁላል ጣለችበት ይባላል። እኔ እንቁላሉን አላየሁም፤ ዶሮዋን ግን አውቃታለሁ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ይታገሱ ትርንጎን ይወዳል፣ ትርንጎም ትወደዋለች። አባቷ አቶ ጌጤነህ የሠርግ ድንኳን አከራይ ናቸው። ሽማግሌ ቢላክባቸው ምን አሉ? "ልጁ ሲነጋ ቁጭ፣ ሲመሽ ቁጭ! ሥራ እንዳለው በዓይኔ ካላየሁ ልጄን አልድርም። እስከ ጥር ካላሳየኝ ለሌላ እሰጣታለሁ።"

ይታገሱ አንዲት ሥራ ፈለገ። አንዲት ብቻ! ኮምፒውተሩን እንደ ጨቅላ ታቅፎ ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ሆቴል ሄደ።

"እትዬ፣ ለሆቴልዎ ድረ ገጽ ልሥራልዎት።"

"ምኑን ልታሳይልኝ ነው ልጄ? ባዶ አልጋዬን? ትኋኗ እንኳ የምትነክሰው አጥታ ጥላኝ ሄዳለች! ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሱሩር ለገበያ መጥተው አልጋ ካልያዙ አላሠራም።"

ይታገሱ ወደ ሐጂ ሱሩር ገሰገሰ። "ሐጂ፣ እባክዎ ለገበያ ይምጡ። እርስዎ ካልመጡ እትዬ ማንጠግቦሽ አያሠሩም፤ እትዬ ካላሠሩ እኔ ሥራ የለኝም፤ እኔ ሥራ ከሌለኝ ትርንጎ የለችኝም!"

"ያ አላህ! ምን ልገዛ ልምጣ? ገበያው ላይ ያለው አቧራ ነው፤ አቧራ ደግሞ ቤቴም ሞልቷል። ሹፌሩ ድንበሩ ሸማ ጭኖ ካልመጣ አልመጣም።"

ይታገሱ ወደ ድንበሩ ሮጠ። ድንበሩ አይሱዙውን ዛፍ ሥር አቁሞ፣ ከጥላው ጋር አብሮ እየተሳበ ይተኛል። "ድንበሩ ወንድሜ፣ ተነሥተህ ንዳ! አንተ ካልነዳህ ሐጂ አይመጡም፤ ሐጂ ካልመጡ እትዬ አያሠሩም፤ እትዬ ካላሠሩ እኔ ሥራ የለኝም፤ እኔ ሥራ ከሌለኝ ትርንጎ የለችኝም!"

"ባዶ መኪና ልንዳ? ነዳጁን ከወንዝ የምቀዳው መሰለህ እንዴ? ሸማኔው ጋሽ ዳልጋ ሸማ ካልጫነኝ ቁልፉን አላዞርም" አለና ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ።

ይታገሱ በእግሩ አቀበቱን ወጣ። ጫማው ሶሉን ጥሎ ተመለሰ፣ እሱ ግን አልተመለሰም። ጋሽ ዳልጋ ሸማ መሥሪያቸው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ዘርግተው ያዛጋሉ።

"ጋሽ ዳልጋ፣ ይሸምኑ! እርስዎ ካልሸመኑ ድንበሩ አይነዳም፤ ድንበሩ ካልነዳ ሐጂ አይመጡም፤ ሐጂ ካልመጡ እትዬ አያሠሩም፤ እትዬ ካላሠሩ እኔ ሥራ የለኝም፤ እኔ ሥራ ከሌለኝ..." ትንፋሽ አጠረው። "...ትርንጎ!"

"ሠርግ የለማ!" አሉ ጋሽ ዳልጋ። "ሠርግ ከሌለ ጥበብ ማን ያዛል? አገሩ ምን እንደሚል አልሰማህም? 'ድንኳኑም ወንበሩም የራሳቸው የሆነው አቶ ጌጤነህ እንኳ ልጃቸውን ለመዳር ካልደፈሩ፣ ጊዜው ቢከፋ ነው፤ እኛም እንቆይ' ይላል። እሳቸው ካልዳሩ አገሩ አይድርም፤ አገሩ ካልዳረ እኔ አልሸምንም። እሳቸውስ ለምን እምቢ አሉ? ልጅቷን የጠየቀው አንድ ሥራ ፈት ነው አሉ። ማን ይሆን ያ አገር ያቆመ ቦዘኔ? ባገኘው ይህን መወርወሪያ በጆሮ ግንዱ ነበር!"

ይታገሱ ጆሮውን በሁለት እጁ ሸፈነ። "አላውቀውም ጋሼ" ብሎ ውልቅ አለ።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ነገሩ ገባው፤ ዞሮ ዞሮ መጨረሻው የአቶ ጌጤነህ ደጅ ነው! ግን ልጅቷን የጠየቀ ሰው ራሱ አባትየው ፊት ሄዶ አይከራከርም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ያኔ ሽማግሌ ሆነው የተላኩትን አባ ደርሰህን አስቀመጠና ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስጠናቸው። እሱ ከአጥሩ ኋላ ተሸጎጠ። ልቡ ዱብ ዱብ ሲል የሰማ የሰፈር ውሻ ጮኸበት።

አባ ደርሰህ ገብተው ቆሙ።

"ኧረ ይቀመጡ" አሉ አቶ ጌጤነህ።

"ሳልሰማ አልቀመጥም። ለመሆኑ የድንኳኑ ሥራ እንዴት ነው?"

"ምን ሥራ አለ አባ! ዘንድሮ የተከራየኝ የለም። ተጠቅልሎ ተቀምጦ አይጥ ልጇን ዳረችበት። እሷ ብቻ ናት በዚህ አገር የዳረችው!"

"እንግዲያው ስማ ጌጤነህ። አንተ ካልዳርክ አገሩ አይድርም፤ አገሩ ካልዳረ ዳልጋ አይሸምንም፤ ዳልጋ ካልሸመነ ድንበሩ አይነዳም፤ ድንበሩ ካልነዳ ሐጂ አይመጡም፤ ሐጂ ካልመጡ ማንጠግቦሽ አታሠራም፤ ማንጠግቦሽ ካላሠራች ይታገሱ ሥራ የለውም፤ ይታገሱ ሥራ ከሌለው አንተ አትድርም። አንተ ካልዳርክ ደግሞ አገሩ..."

"በቃ! በቃ! ራሴን አዞሩኝ!" አቶ ጌጤነህ ግንባራቸውን ያዙ። "ታዲያ ድንኳኔን ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ በሉኛ!"

"እኔ ምን ወጣኝ? አንተው አልከው" አሉ አባ ደርሰህ። ያን ጊዜ ተቀመጡ።

ከዚያማ ማን ያስቆመው! አቶ ጌጤነህ ቀን ቆረጡ፤ አይጧን ከነአማቿ አስወጥተው ድንኳኑን ፀሐይ ላይ ዘረጉት። አገሩ ድንኳኑን አይቶ "ለካ ጊዜው ደህና ኖሯል" ብሎ ለየልጁ ቀን ቆረጠ፤ አገሩ ሲድር ዳልጋ ሸመኑ፤ ዳልጋ ሲሸምኑ ድንበሩ ነዳ፤ ድንበሩ ሲነዳ ሐጂ መጡ፤ ሐጂ ሲመጡ የእትዬ አልጋ ሞላ፤ ትኋኗም ከነዘመዶቿ ተመለሰች።

ጥር ገባ፣ ሠርጉም ደረሰ። ይታገሱ ካባውን ደርቦ ከትርንጎ አጠገብ እንደተቀመጠ እትዬ ማንጠግቦሽ እየሮጡ መጡ። "ድረ ገጹን ሥራልኝ! አሁኑኑ! እንግዳ ከበር እየመለስኩ ነው!" ሐጂም "ለኔም" አሉ፣ ድንበሩም "ለአይሱዙዬም" አለ። የፋሲካው ሰውዬ ደወለ፤ ለካ ፋሲካው ይህ ኖሯል! ያቺ ሴትዮም ደወለች፤ የእህቷ ልጅ ጥርስ አብቅሎ ኮምፒውተሯን በላባት።

ሚዜው ኮምፒውተሩን አመጣ። ሙሽራው ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። "ይቺን ብቻ" አለ። ቀጥሎ "ይቺንም ብቻ" አለ። ወጡ ቀረበ፣ አላየውም። ለጭፈራ ጠሩት፣ አልሰማም። ትርንጎ በክርኗ ጎሸም አደረገችው፤ "እሺ፣ እሺ" አለ፣ ዓይኑን ግን አላነሣም።

አቶ ጌጤነህ ከድንኳናቸው መሃል ብድግ ብለው በኩራት ጮኹ። "አያችሁልኝ ወገኖቼ? አማቼ ሥራ አለው! ይኸው በዓይኔ አየሁ!"

ይኼኔ ሙሽሪት ዓይነ ርግቧን በሁለት እጇ ገልጣ፦

"አባዬ፣ ሥራ እስኪያገኝ ብለህ አስጠበቅከኝ፤ አሁን ደግሞ ሥራ እስኪፈታ ልጠብቅ?"