ዝናብ ያሟሟው አሞሌ

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ የአንበሳን ጨው እንድትጠብቅ ታዘዘች። እስከ ቆላ ወርዳ ሰባት አሞሌ በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው ራሷ ነበረች። አሞሌዎቹ የተቀመጡት መሐሉ ጎድጓዳ በሆነ ትልቅ ድንጋይ ውስጥ ነው። ሥራዋ ቀላል ነበር፤ ደመና ሲመጣ ድንጋዩን በቁርበት ትሸፍናለች፣ ፀሐይ ስትወጣ ትገልጠዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ዘነበ። ነጎድጓዱ ተራራውን አናወጠው። መብረቅም ከማዶ ያለውን ዋርካ መታውና ዛፉ መንደድ ጀመረ። ዝናቡ ሲያባራ እንስሳቱ መጥተው ቢያዩ፣ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነው። አሞሌ የሚባል የለም።

«በልታዋለች!» አለ ጅብ ገና ከሩቅ። ለሃጩ ይዝረበረብ ነበር። «ጌታዬ አንበሳ፣ የበላ ይበላል። ፍርዱን ለእኔ ይተዉልኝ፤ አጥንቷን እንኳ አላስተርፍም።»

አህያ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «አልበላሁም!» አለች።

ቀበሮ ጠጋ ብላ ውሃውን በምላሷ ጫፍ ቀመሰች። «ጨው ጨው ይላል» አለች።

«ምራቋ ነዋ! ስትልስ የተንጠባጠበ!» አለ ጅብ።

«አያ ጅቦ፣ ሰባት አሞሌ የበላች አህያ ይሄኔ ወንዙን ጠጥታ ባደረቀችው ነበር።» ከዚያ ወደ አንበሳ ዞረች። «ጌታዬ፣ ቅቤ ፀሐይ ላይ ሲቀልጥ ቅቤነቱ ይጠፋል? ማታ ሲበርደው መልሶ ይጠጥራል። ወተት ግን አንዴ ከኮመጠጠ ተመልሶ ትኩስ ወተት አይሆንም። አንዳንዱ ነገር መልኩን ብቻ ይለውጣል፤ አንዳንዱ ሌላ ነገር ሆኖ ይቀራል። ጨውዎ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ከሆነ፣ ፀሐይ ውሃውን ስትጠጣው ይመለሳል። የተበላች አህያ ግን አትመለስም።»

«ለምን አትመለስም?» አለ ጅብ። «አሁን ልብላትና ጥፋት ከሌለባት እንደ ጨውሽ ትመለሳለቻ!»

እንስሳቱ በሳቅ ፈነዱ። አህያ ብቻ አልሳቀችም።

«እንግዲያው መጀመሪያ በራስህ ንብረት ሞክረው» አለች ቀበሮ። ጅብ ለክፉ ቀን የደበቃት አንዲት ደረቅ የቆዳ ጠፍር ነበረችው። «ጠፍርህን የዋርካው ፍም ላይ ጣላት። ከተመለሰች አህያዋ ያንተ ናት።»

አንበሳ ተስማምቶ ስምንት ቀን ሰጣቸው።

ጅብ ጠፍሯን ፍሙ ላይ ወረወረ። ጠፍሯ ጨሰች፣ ተኮማተረች፣ ከረፋች፣ በመጨረሻም አመድ ሆነች። አመዱን አፍሶ ሌላ ድንጋይ ላይ በውሃ በጠበጠውና አጠገቡ ተጋደመ። «ነገ ትመጣለች» ይላል በየቀኑ።

አህያ ግን እንቅልፍም ሣርም አላማራትም። ደመና ብቅ ባለ ቁጥር ቁርበቱን በጥርሷ እየጎተተች ትሮጣለች። በአምስተኛው ቀን ውሃው ጎደለ፤ ግን ምንም አይታይም። በስድስተኛውም የለም። በሰባተኛው ቀን የድንጋዩ ዳር ትንሽ ነጣ አለ።

በስምንተኛው ቀን እንስሳቱ ሲሰበሰቡ ድንጋዩ ደርቆ፣ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ቅርፊት ለብሶ ነበር። አንበሳ ጎንበስ ብሎ ላሰና ዓይኑን ጨፈነ።

«ጨዌ ነው! እንኳንም አልቸኮልኩ።»

ጅብም የራሱን ድንጋይ ላሰ፤ አስነጠሰው። አፍንጫው አመድ እንደለበሰ፣ «እስከ ነገ ብትታገሱኝስ?» አለ።

አህያ ስምንት ቀን ሙሉ አፍና የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች፤ አቧራው ላይ ተጋድማ በግራ በቀኝ ተንከባለለች።

ሁሉም ሲበተኑ ቀበሮ ወደ ኋላ ቀረት አለች። «ለመሆኑ እህቴ፣ ያን ዕለት ቁርበቱ የት ነበር?»

አህያ ጆሮዎቿን ጣለች። «ለማንም ተናግሬው አላውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ነጎድጓድ እፈራለሁ። ሲጮህ ቁርበቱን ራሴ ተከናንቤ ከገደል ሥር ተደብቄ ነበር።»

ከዚህ የምንማረው የጠፋ የመሰለን ነገር መልኩን ብቻ ለውጦ እንደሆነ ሳናጣራ፣ አንዴ ከተፈጸመ የማይመለስ ፍርድ መፍረድ እንደማይገባን ነው።