ፊታውራሪ የተገፈተሩ ዕለት

ፊታውራሪ ድልነሳ በገበያ መሃል ሲያልፉ፣ ሊያያቸው የሚጋፋው ሕዝብ ከኋላ ገፍትሮ በግንባራቸው ጭቃ ላይ ደፋቸው። አሽከሮቻቸው ሊያነሷቸው ቢሮጡ «ማን ወደቀና ነው የምታነሱት?» ብለው አምባረቁ። እዚያው በሆዳቸው እንደተኙ ጥላ አስይዘው ችሎት ተቀመጡ። ከጌታ በላይ መቆም ነውር ነውና ገበያተኛውም አብሮ ጭቃው ላይ ተደፋ።

ከኋላቸው የነበረ አንድ ሸማኔ ተጎትቶ ቀረበ። እሱን ራሱን ማን እንደገፋው አያውቅም።

«ገፍቻለሁ ካልህ እጅህ ይቆረጣል» አሉት ፊታውራሪ፣ ጭቃ እየተፉ። «አልገፋሁም ካልህ ደግሞ ፊታውራሪ በገዛ እግራቸው ወደቁ ማለትህ ነውና ምላስህ ይቆረጣል። ተናገር!»

ሸማኔው እጁን አየ፤ ምላሱን በጥርሱ ዳሰሰ። ከሁለቱ አንዱንም ሊሰጥ አልፈለገም።

«ጌታዬ፣ ማን ገፋ? ማንስ ወደቀ? አገሬው ዕድሜ ልኩን መሬት እየሳመ እጅ ሲነሳዎ ኖረ፤ ዛሬ እርስዎ አጸፋውን ሲመልሱ ነው ያየሁት። ብቻ በአምላክ ይዤዎታለሁ፣ ከበቃዎት ይነሱልን። እርስዎ እዚህ ድረስ ከወረዱ፣ እኛ ከእርስዎ ዝቅ የምንልበት ቦታ አጣን።»