አፈር የበዛበት ጣራ

አንድ ጣራውን የሚፈራ ሰው ነበረ።

አገሩ ሣር የማይገኝበት አገር ነው፤ እዚያ ቤት በሣር አይከደንም። ግድግዳው ድንጋይ ነው። በግድግዳው ላይ ግንድ ይጋደማል፣ በግንዱ ላይ እንጨት ይረበረባል፣ በርብራቡ ላይ ቅጠል ይነጠፋል፣ በቅጠሉ ላይ አፈር ይደለደላል። ጣራው እንደ አውድማ ሜዳ ስለሆነ እህል ይሰጣበታል። የዝናቡ ውሃ እንዳይተኛበትም በአንድ ጥጉ የተቦረቦረ እንጨት አሸንዳ ይወጣለታል። ክረምት ሳይገባ ባለቤቱ አንድ ሁለት ቅርጫት አፈር ይጨምርና በእግሩ ይረግጠዋል። በየጥቂት ዓመቱ ግን መጨመር አይበቃም። ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ አሮጌው አፈር በሙሉ ይወርዳል፣ የበሰበሰው እንጨት ይለወጣል፣ ከዚያ አዲስ አፈር በስሱ ይለብሳል። ወጉ ይህ ነው። ያ ቀን ለባለቤቱ ይከብደዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከላይ ሆኖ ቤቱን ቁልቁል ያየዋልና። የተሰነጠቀች ማሰሮ፣ የተጣፈ ቁርበት፣ ጎዶሎ ጎታ፣ ገመና የተባለ ሁሉ ፀሐይ ይመታዋል።

አትቁነጥነጪ፣ ወለተ ሰንበት። የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። እናትሽ ታማ «አስካልን ጥሩልኝ» እያለች፣ ነገ ይሻላታል ብለሽ ለእህትሽ ሳትልኪባት ቀረሽ። እናትሽ ዓይኗ በር በር እንዳየ ሞተች። ለአስካልም «ድንገት ነው፣ አንድ ቀንም አልታመመች» አልሻት። ከዚያ ወዲህ ማሩን ትልኪላታለሽ፣ ጋቢውን ትልኪላታለሽ፣ ልጇንም ክርስትና አነሣሽ። እሷ በመረቀችሽ ቁጥር አንቺ እንቅልፍ ታጫለሽ። አሁን ለሙት ዓመቱ ልትመጣ ነው፣ አንቺም «አባ፣ ምን ልጨምርላት?» ብለሽ መጣሽ። መልሱን እየነገርኩሽ ነው፤ ስሚ።

ሰውዬው ሚስት ነበረችው፤ ኋላም ሁለት ልጆች ወለዱ። አንድ ክረምት ከአሸንዳው አጠገብ ውሃ ጠብ አለ። ትንሽ ጠብታ ናት። ሚስቱ በጋ ሲመጣ ደቦ ጠርተን አፈሩን እናውርድ አለችው። እሱ ግን ሰው ቤቱን ቁልቁል ሲያየው ታሰበውና እምቢ አለ። በማግሥቱ አፈር ተሸክሞ ወጣ፣ ጠብታዋ ባለችበት ላይ ደፋ፣ ረገጠው። ቆመች። ደስ አለው።

በሚቀጥለው ክረምት ከምድጃው በላይ ጠብ አለ። የአፈር ጣራ ተንኮሉ ይኸ ነው፤ ውሃው በአንድ በኩል ይገባና በሌላ በኩል ይወጣል። እሱ እዚያም ላይ ደፋ። ቀጥሎ ከመኝታው በላይ፣ ቀጥሎ ከበሩ በላይ። ሰነፍ ነበረ እንዳትዪ። የዚያን መንደር አፈር እንደ እሱ የተሸከመ የለም። ሰው «እገሌ እኮ ለቤቱ ይሞታል» እያለ ያመሰግነው ነበር። ምስጋናው ደግሞ ይብሱን አሰረው፤ እንደዚህ የተመሰገነ ሰው ጣራዬ ውስጡ በስብሷል ብሎ በየት አፉ ይናገር?

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ሰውዬው እህል አልወርድለት አለ። ሲበላ ዓይኑ ወደ ላይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ልቡ ጣራው ላይ ነው። ዱቄት የመሰለ የእንጨት ብናኝ ወጡ ላይ ሲወድቅ በማንኪያ አውጥቶ ይጥለዋል። ሚስቱም አይታ ዝም ትላለች። ልጆቹ ሳቅ ሲያበዙ ይቆጣቸዋል፤ ለምን እንደሚቆጣ እነሱም አላወቁ፣ እሱም አልነገራቸው። ምስኪን። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

ከዚያ በሩ መጥበቅ ጀመረ። ድሮ በጣት ሲነኩት የሚከፈት በር መሬቱን እየፋቀ፣ ከላይም እየታሸ፣ በትከሻ ካልተገፋ አልከፈት አለ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትጠረጥሪያለሽ? የተጫነው ጣራ ጎብጦ መቃኑን ተጭኖታል። ሰውዬው ግን በሩ እርጥበት ጠጥቶ ነው አለ። መጥረቢያውን አመጣና የበሩን ጫፍ ጠረበው። ተከፈተ። በዓመቱ እንደገና ጠበቀ፤ እንደገና ጠረበው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸ አይደል?

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን ሰማዩ ከረፋዱ ጀምሮ ከብዶ ዋለ። ሰውዬው እንደ ልማዱ ሁለት ቅርጫት አፈር አውጥቶ ደፋና ወረደ። ሚስቱ ከወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ በሩን ብትገፋው እምቢ አለ። ውስጥ የሰባት ዓመት ሴት ልጃቸውና ገና የሚድህ ሕፃን አሉ። ባልና ሚስቱ በትከሻ ገፉት፤ ንቅንቅ የለም። ከውስጥ እንጨት ሲንቋቋ ተሰማ። ልጅቱ በበሩ ስንጥቅ በኩል፣ «እማዬ፣ አፈር እየወረደብን ነው» አለች።

ሰውዬው ምን ያደረገ ይመስልሻል? መጥረቢያውን አነሣ። በሩን ሊጠርብ። ሚስቱ እጁን ያዘችው። ብዙ ዓመት ዝም ያለች ሴት ናት፤ ያን ዕለትም አልጮኸችበትም።

«በሩ ምን አጠፋ?» አለችው።

እሱም መጥረቢያውን ጣለ። ዶማ ይዞ ጣራው ላይ ወጣና ያን ሁሉ ዓመት የተሸከመውን አፈር ወደ ታች ይንደው ጀመር። ጎረቤት አይቶ ሮጠ። ብዙ ሰው ከወጣበት ጣራው ይደረመሳል ተባለና የሚወጣው እሱ ብቻ ሆነ፤ ሌሎቹ በግድግዳው ጫፍ ላይ ቆመው፣ እሱ በሆዱ ተኝቶ የሚገፋላቸውን አፈር በአካፋ እየዛቁ ያወርዳሉ። እናትየው በስንጥቁ ላይ ተደፍታ፣ «ምሰሶው ሥር አትቁሚ ልጄ። ወንድምሽን እቀፊና የግድግዳውን ጥግ ያዢ» ትላታለች። አንዱ ግንድ መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ። ዝናቡም ማካፋት ጀመረ። ሰውዬው እያለቀሰ ነው የሚቆፍረው፤ ሰው እያየው፣ እንደ ሕፃን።

አፈሩ በግማሽ ሲወርድ በሩ ማንም ሳይነካው ላላ። እናትየው ገፋችው፤ ተከፈተ። ልጆቹ አፈር ለብሰው ወጡ። ደህና ናቸው።

እስከ ታች ገልጠው ሲያዩት መነሻው መዳፍ የምታህል የበሰበሰች ርብራብ ሆና ተገኘች። ሁለት እንጨትና አንድ እቅፍ ቅጠል ይበቃት ነበር። ከዚያ በኋላ የፈሰሰው ውሃ ሁሉ የገዛ አፈሩ ያመጣው ነው። ጣራው ከፍ ከፍ እያለ የአሸንዳውን አፍ ቀብሮት ኖሯል። ውሃው መውጫ አጥቶ እዚያው ይተኛል፤ እሱም በላዩ ይደፋል።

በዚህ ላይ ጨርሼ ተረፉ ብልሽ ደስ ይልሻል። አልዋሽሽም። ጣራው እንደተገለጠ ዝናቡ በረታ። የጎታው እህል ረጠበ፣ ግማሹ ሻገተ። ጎረቤቱ የተጣፈውን ቁርበት አየ፣ የጎደለውን ጎታ አየ። ቤተሰቡ ቤቱ እስኪሠራ ድረስ ሰው ቤት ተጠግቶ ሰነበተ፤ ያሙትም አልጠፉም። ኋላ ጣራው በስሱ ተሠራ፣ አሸንዳው ተከፈተ። ሰውዬውም ሰማይ ሲጠቁር መብላት ቻለ።

እንግዲህ፣ ወለተ ሰንበት፣ አንቺ ያ ሰው ነሽ። አስካል ላይ የደፋሽው ማርና ጋቢ ያ አፈር ነው። ክፉ ነገር አይደለም፤ ለጣራ አፈር ይገባዋል። ግን የበሰበሰውን ሳታወጪ ደፋሽበት። ያንቺ ርብራብ አንድ ቀን ያልተላከ መልእክት ነበረች፤ ያኔውኑ ብትናገሪያት አልቅሳችሁ የምትጨርሱት ነበር። አሁን በላዩ የእሷ ምርቃት፣ የልጇ ክርስትና፣ የዓመት ሙሉ ፍቅር ተጭኖበታል። ባለፈው ደግሞ «ዘመድ አዝማድ ቤቴ አይብዛብኝ፣ ወሬ ያመጣሉ» ብለሽ ስትማረሪ ሰምቼሻለሁ። ዘመዶችሽ ምን አጠፉ? አንድ ቀን አንዱ አስካልን «እናትሽ እኮ ስትጠራሽ ነው የሞተችው» ሲላት፣ ከሥር ያለችው አስካል ናት። የሚወድቀው በእሷ ላይ ነው።

ትቀየመኛለች ትያለሽ። አዎ፣ ትቀየምሽ ይሆናል። ደጅሽን አልረግጥም ትልሽ ይሆናል፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሰውም ያማሻል። ጣራ ሲገለጥ ዝናብ አይመታውም ብዬ አላባብልሽም። በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት የለውም።

ምን ልጨምርላት አልሽኝ። ምንም። ሙት ዓመቱን አትጠብቂ፤ ለቅሶ ቤት፣ ሰው መሐል፣ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ነገ ጠዋት ተነሺና ቤቷ ድረስ ሂጂ። እናታችን ጠርታሽ ነበር በያት። ማሩን ተዪው፣ ጋቢውንም ተዪው። ባዶ እጅሽን ሂጂ።