ኩሬውን ያልተሻገረችው ኳስ

አንድ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረ የጎልፍ ተጫዋች ነበር። መርዕድ ይባላል። ጎልፍ የማታውቁ አትስጉ፤ እኔም ከሩቅ ከማየት በቀር አላውቅም። ለዚህ ታሪክ ይህችን ታህል ማወቅ ይበቃል፦ ተጫዋቹ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ ሜዳው ላይ ወደተቆፈሩት ጉድጓዶች በየተራ ያስገባል፤ ካዲ የሚሉት ረዳቱ ደግሞ የዱላዎቹን ቦርሳ ተሸክሞ ይከተለዋል፣ ነፋሱን ያያል፣ "ይሄኛውን ዱላ ይያዙ" ብሎ ይመክራል። ረጅሙ ዱላ ኳሷን ያርቃታል፤ አጭሩ ያን ያህል አያስኬዳትም። በቃ።

የመርዕድ ካዲ ጉደታ ይባል ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። በዚያ ሜዳ ልማድ ካዲዎች ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ስሙ የተጠራ ይገባል፣ ያልተጠራ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንጀራቸው ስማቸው ነው። ጉደታ ደግሞ ነፋስ አዋቂ ስለሚባል፣ መርዕድ በማይጫወትበት ቀን እንኳ የሚጠራው አያጣም ነበር።

የአንድ ትልቅ ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሰ። በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ዋንጫው የአንድ ምት ጉዳይ ሆነ። ጉድጓዱ ከኩሬ ማዶ ነው፤ ነፋሱም ፊት ለፊት ይነፍሳል። ጉደታ ረጅሙን ዱላ አወጣ።

"ጋሼ፣ ነፋሱ ይመልሳታል። ይሄን ይያዙ።"

"ተፎካካሪዬ በአጭሩ አይደል እንዴ የተሻገረው? እኔ ከሱ አንሼ ነው?"

"እሱ ሲመታ ነፋሱ ጋብ ብሎ ነበር፣ ጋሼ።"

መርዕድ ግን አጭሩን ዱላ በገዛ እጁ ከቦርሳው መዘዘና መታ። ኳሷ ኩሬው ውስጥ ገባች፤ ዋንጫውም ሄደ። ሰዎች ከበውት "ምን ነካህ?" ሲሉት፣ ኩራቱ እውነቱን አላናግር ብሎት "ካዲዬ አሳሳተኝ" አለ። ጉደታ እዚያው ነበር። ሰማ፤ ተጫዋቹን በሰው ፊት መቃወም ለካዲ ነውር ነውና ዝም አለ። በማግሥቱ ጠዋት ስሙን የጠራ አልነበረም። በሳልስቱም አልነበረም። አንድ ወር ሙሉ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ሜዳው ፈርሶ ሕንፃ በቀለበት። መርዕድ ግማሽ ጎኑን አሞት እቤት ዋለ። ፌቨን የምትባል የኮምፒውተር ጌም የምትሠራ ልጅ አለችው። የአባቷ ዝምታ አንጀቷን በላውና፣ የድሮ ፎቶዎችን፣ የሜዳውን ካርታና የፍጻሜውን ቀን የአየር ጠባይ መዝገብ ከየቦታው ለቃቅማ፣ ያንን የሻምፒዮና ሜዳ እንዳለ በኮምፒውተር ሠራችው። ዛፉ አልቀረ፣ ኩሬው አልቀረ፤ የዚያን ቀን ነፋስ እንኳ አልረሳችም።

"አባዬ፣ ሜዳህን አመጣሁልህ" አለችው።

መርዕድ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷም አንድ ቁም ነገር ሠራሁ ብላ ደስ አላት።

ጥቂት ቀን ቆይታ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። አባቷ ጨዋታውን ከመጀመሪያው አይጀምርም፤ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ይሄዳል። አጭሩን ዱላ ይመርጣል፤ ይመታል፤ ኳሷ ኩሬ ትገባለች። "እንደገና" የሚለውን ይጫናል። ደግሞ ይመታል፤ ደግሞ ትገባለች። ኮምፒውተሩ ሲቆጥር ሦስት መቶ አርባ ደርሷል።

"አባዬ፣ ለምን በረጅሙ አትሞክረውም?"

"አልፈልግም አልኩ እኮ!" ብሎ ጮኸባት። በሕይወቱ ጮሆባት አያውቅም።

አንድ ከሰዓት ግን ብቻውን ሳለ ረጅሙን መረጠ። ኳሷ ወጣች፣ ነፋሱ ያዝ አደረጋት፣ ኩሬውን ተሻግራም ከጉድጓዱ አጠገብ ቀስ ብላ ተቀመጠች። በጌሙ ውስጥ ያለው ሕዝብ አጨበጨበ። ፌቨን ጭብጨባውን ሰምታ በደስታ ስትሮጥ መጣች፤ አባቷ በደህና እጁ ፊቱን ሸፍኖ ነበር።

"ትክክል ነበር" አላት።

"ማን?"

"ጉደታ። ያኔም አውቄ ነበር፣ ልጄ። በአጭሩ አንዴ እንኳ ብትሻገርልኝ፣ የዕድል ጉዳይ ነው እንጂ የእኔ ጥፋት አይደለም ብዬ ልቤን ላሳርፍ ነበር።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይኸው የወጋውም አልረሳም ኖሯል።

ፌቨን ጉደታን አፈላልጋ አንድ ገበያ ዳር ጫማ ሲጠግን አገኘችውና ለምና አመጣችው። መርዕድም ያን ቀን የሰሙትን፣ በሕይወት ያሉትን የድሮ ተጫዋቾች ሁሉ ጠራ። በልጁ ትከሻ ተደግፎ ተነሣ።

"ጉደታ ረጅሙን ሰጥቶኝ ነበር። አጭሩን የመዘዝኩት እኔ ነኝ። አሳሳተኝ ያልኳችሁ ዋሽቼ ነው። ጉደታ፣ ይቅር በለኝ።"

ጉደታ ወደ እሱ ጠጋ አለ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ይኼን ሁሉ ዘመን ራሴን ነበር የምጠረጥረው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ይሆን? ዱላውን በደንብ ሳላሳይዎት ቀርቼ ይሆን? እላለሁ። ሰው ሁሉ አጠፋህ ሲለኝ እኔም አመንኩት።"

መርዕድ ይህን አልጠበቀም። ከጉደታ የወሰደው ሥራውን ብቻ መስሎት ነበር። ወደፊት ተንገዳገደ፤ ጉደታም ሳይወድቅ ደርሶ ያዘው፣ እንደያዘውም ትከሻውን ሳመው። "ይቅር ለእግዜር" አለ።

ከዚያ ፌቨን ጉደታን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዱላ ሲሸከም ኖረ እንጂ አንድ ቀን መትቶ አያውቅም። ረጅሙን መረጠና መታ። ኳሷ ጥልቅ ብላ ኩሬው ውስጥ! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ጉደታ ራሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

"ጋሽ ጉደታ፣ 'እንደገና' የሚለውን ይጫኑት" አለችው ፌቨን።

"ተያት ልጄ፣ ትስመጥ። እኔ የምፈልገው ተመልሶልኛል።"

ወዳጆቼ፣ ኮምፒውተሩ ሜዳውን መለሰ፤ ነፋሱን መለሰ፤ ምቱንም ሦስት መቶ አርባ ጊዜ መለሰ። የአንድን ሰው ስም ግን ሊመልስ አልቻለም። ስሙን የመለሰው መርዕድ በሰው ፊት የተናገረው የግማሽ ደቂቃ እውነት ነው። ጥፋታችንን ብቻችንን በልባችን ደጋግመን ብንጫወተው አይታረምም፤ የበደልነው ሰው ጆሮ እስኪደርስ ድረስ ያው ኩሬ ውስጥ ነን። የጉደታ ሃያ ሁለት ዓመት አልተመለሰም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እኔም ዋሾ እሆናለሁ። ስለዚህ አንዘግይ።

እናንተስ፣ የራሳችሁን ጥፋት አሸክማችሁ የሸኛችሁት ሰው ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ?