ያልተፈተገው አሸንዳ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሙያው ብረት ሥራ ነው። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ልጄ። ለተማሪዎች የተበላሸ ዱቄት መሰጠቱን በስብሰባ መሀል ተነስተሽ ተናገርሽ፤ ይኸው አገር ምድሩ ስምሽን ያጠፋል። አሁን ደግሞ «ተሳስቼ ነው» የሚል ወረቀት አምጥተው፣ ፈርሚና ነገሩ ይብረድ አሉሽ። «ፈርሜ ልገላገል ወይ?» ነው ያልሽኝ። እንግዲያው ስሚኝ።

ያ ሰው የሚኖርበት መንደር ወንዝ የለውም፤ የሚጠጣው የጣሪያ ዝናብ ነው። ዝናቡ በአሸንዳ አድርጎ ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል። አሸንዳው ላይ ግን አቧራና የወፍ ኩስ ይጋገርበታል፣ ውሃውም ይበከላል። በአንድ ክረምት አራት ሕፃናት በተቅማጥ ሞቱ። አንዷ የዚህ ሰው ልጅ ነበረች።

ሰውየው ከተማ ወርዶ ሌዘር የሚባለውን የብርሃን መሣሪያ ሥራ ተማረ። ይህ ብርሃን ብረትን ይወጋል፤ ዓይን የማያየው እልፍ አእላፍ ጉድጓድ ይቆፍርበታል። እንዲህ በተወጋ ብረት ላይ ውሃ መቀመጫ አያገኝም፤ ተንከባሎ ይወርዳል፣ ሲወርድም ቆሻሻውን ጠርጎ ይሄዳል። ሰውየው በዚህ ብርሃን አንድ አሸንዳ ሠርቶ ተመለሰ።

ሰዉ ተሰበሰበ። የመንደሩ ሹም በጣሳ ውሃ ቀድቶ አፈሰሰበት። ውሃው አልተንከባለለም፤ ጨርቅ ላይ እንደፈሰሰ ተንሰራፍቶ ቀረ። በነጋታው የነፋሱ አቧራ ሁሉ ተለጥፎበት ተገኘ። ከድሮው አሸንዳ የባሰ ሆነ።

«ይኼማ ቁስለኛ ብረት ነው!» አለ ሹሙ። «በአሸዋ ይፈተግና ለስልሶ እንደ ወጉ ዕቃ ይሁን።» ሕዝቡም ሳቀ።

ሰውየው «ገና ነው፤ አየር ይምታው» አለ። ማን ሰምቶት! ሚስቱ እንኳ «ልጃችንን መቅበር አንሶን ነው መሳቂያ የምታደርገን?» አለችው። ከሁሉ የከፋው፣ የገዛ እጁም በላው። አፍሮ ነበርና እሱም ፈትጎ ሊገላገል ፈለገ። ያን ጊዜ አሸንዳውን ተሸክሞ የቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ አጥብቆ አሰረው። ከወረደ በኋላ መጥረቢያ አነሣና የወጣበትን መሰላል ፈለጠው።

«ጌታዬ፣ እርስዎም አይነኩትም፤ እኔም አልነካውም» አለ ወደ ሹሙ ዞሮ።

አንድ ሳምንት ሄደ። ዝናብ ሲመጣ ውሃው እንደ ፊቱ ተንሰራፋ። ሁለተኛውም ሳምንት ያው ነበር። አየሩ ግን ሥራውን ይሠራል፤ ነፋስ የሚያመጣው ዓይን የማያየው ቅባት በእነዚያ ቁስሎች ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይቀመጥ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ከባድ ዝናብ ጣለ። ጠብታው ብረቱን ነካ፣ ድቡልቡል ሆነና ሸሸ፤ አቧራውንና ኩሱን ይዞ ወረደ። የመጀመሪያውን ውሃ ደፉት። ቀጥሎ የወረደው ኩልል ያለ ነበር።

ሹሙ መጣ። «ምን ቀባኸው?» ሲል ጠየቀ።

«ምንም። እንዳትፈትጉት ከለከልኳችሁ እንጂ።»

ልጄ፣ ያ ብረት አንቺ ነሽ። እውነት ስትናገሪ ተወጋሽ። ትኩስ ቁስል ሁሉን ይይዛል፤ ዛሬ የሚወረወርብሽ ሁሉ ቢጣበቅብሽ ያጠፋሽ አይምሰልሽ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያሉ የሚያጽናኑሽ አሉ። ልክ ናቸው። ግን እስኪጠራ ድረስ ከፈታጊ እጅ ማን ያስጥለው? ያ ወረቀት አሸዋ ነው። ፈርመሽ ትለሰልሻለሽ፣ ይወዱሻል፤ ልጆቹም ያንኑ ዱቄት ይበላሉ።

እስከ መቼ ትይኝ ይሆናል። አላውቅም። እኔም እንዳንቺ እውነት ተናግሬ ስሜ እስኪጠራ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬም ሰላም የማይለኝ አለ፣ አይበለኝ! ነገ ሲጠሩሽ ሳትቀሪ ሂጂ። ወረቀቱንም እንዳለ መልሺላቸውና፣ መጀመሪያ ከዚያ ዱቄት አንድ ገበታ ይብሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ይፈርሙበት በያቸው።