የገለባው ሰውና የካቴድራሉ ደወል

በቅድሚያ ባለጉዳዮቹ በየተራ ይታወቁ። ደወል ደዋይዋ እማማ ማረን፤ ደወል ሰቃዩ አንጥረኛ ሞንስ፤ ግንበኛው ላውሪትስ፤ ኖራ የምታቦካው ቦዲል፤ አናጢው አስገር፤ የካቴድራሉ አስተዳዳሪ ቄስ ቶገር። ስድስት ናቸው። ሰባተኛው ጣሪያ ላይ ነው፤ እሱን በቦታው እናገኘዋለን።

በአንዲት ጥንታዊ የዴንማርክ ከተማ ካቴድራሉ መታደስ ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል። ደወሉም ከማማው ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። የእማማ ማረን ጆሮ በየወሩ ይደክማል፤ ሐኪሙ «ከመከር አያልፍም» ብሏቸዋል። ፍላጎታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ጆሯቸው ሳይዘጋ ደወላቸውን አንድ ጊዜ ደውለው መስማት።

ወደ ሞንስ ሄዱ። «ሞንስ፣ ደወሉን ስቀልልኝ።»

«መቀመጫው ግንብ ፈርሶ በምን ላይ ልስቀለው እማማ፣ በባርኔጣዬ ላይ? ላውሪትስ ግንቡን ካልገነባ አልሰቅልም።»

ወደ ላውሪትስ ሄዱ። «ላውሪትስ፣ ግንቡን ገንባ። ሞንስ ደወሉን አልሰቅልም ብሏል፤ እኔም ደወሌን አልሰማሁም።»

«ጡቤ እላይ ተደርድሯል፤ ኖራው ግን ታች ነው። ቦዲል ኖራውን ካላወጣች አልገነባም።»

ወደ ቦዲል ሄዱ። «ቦዲል፣ ኖራውን አውጪ። ላውሪትስ ግንቡን አልገነባም ብሏል፤ ሞንስ ደወሉን አልሰቅልም ብሏል፤ እኔም ደወሌን አልሰማሁም።»

ቦዲል እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ኖራዬ እንደ ቅቤ ለስልሶ ይጠብቃል። ግን መወጣጫው ሳንቃ የለውም፤ እኔም ክንፍ አላበቀልኩም። አስገር ሳንቃውን በሚስማር ካልመታ አላወጣም።»

ወደ አስገር ሄዱ። «አስገር፣ ሳንቃውን ምታ። ቦዲል ኖራውን አላወጣም ብላለች፤ ላውሪትስ ግንቡን አልገነባም ብሏል፤ ሞንስ ደወሉን አልሰቅልም ብሏል፤ እኔም ደወሌን አልሰማሁም።»

«እማማ፣ የጣሪያውን እንጨት ያቆምነው መስከረም ላይ ነው። የጣሪያ እንጨት በቆመ ቀን ጫፉ ላይ የለመለመ የቅጠል ጉንጉን ይሰቀላል፤ አሠሪውም ለሠራተኛው ማዕድ ያቀርባል። የአያቶቻችን ልማድ ነው። ማዕዱ ቀረ፤ ጉንጉኑም ቀረ። በምትኩ የሰቀልነውን ከተማው ያውቀዋል። ቄስ ቶገር ማዕዱን ካላቀረቡ አንድ ሚስማር አልመታም።»

ወደ ቄስ ቶገር ሄዱ። «ቄስ ቶገር፣ ማዕዱን ያቅርቡ። አስገር ሳንቃውን አልመታም ብሏል፤ ቦዲል ኖራውን አላወጣም ብላለች፤ ላውሪትስ ግንቡን አልገነባም ብሏል፤ ሞንስ ደወሉን አልሰቅልም ብሏል፤ እኔም ደወሌን አልሰማሁም።»

ቄሱ ከጠረጴዛቸው ፊት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሥራ መርሐ ግብር በጣታቸው ተከተሉ። «ማዕዱ ተይዟል፤ ተራ ቁጥር ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አንድ ደግሞ ደወሉ ይደወላል ይላል። ደወሉ ካልተደወለ ማዕድ አላቀርብም። ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

መንገዱ ሁሉ ዞሮ ወደ እማማ ማረን ተመልሶ ነበር።

«ሥርዓትስ መልካም ነው። ግን ከመስከረም ወዲህ ጣሪያውን ቀና ብለው አይተውታል?»

«ሪፖርቱን በየሳምንቱ አነባለሁ።»

«ሪፖርቱን ይተዉና ወደ ውጭ ይውጡልኝ።»

ወጡ፤ ቀና አሉ። በጣሪያው ጫፍ፣ ጉንጉኑ በሚሰቀልበት ቦታ፣ የገለባ ሰው በነፋስ ይወዛወዛል። አንገቱ ላይ እንደ ቄሱ የእሑድ አንገትጌ የተሸበሸበ ነጭ ክብ አንገትጌ አለ።

«ማን ነው እሱ?»

«ማዕድ የነፈገ አሠሪ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከእርስዎ በቀር ያልተሳለመው የለም።»

ቄስ ቶገር አንገታቸውን ዳሰሱ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አንገትጌው ከእኔው ይልቅ በደንብ ተተኩሷል» አሉ።

ያኔ ቄስ ቶገር ማዕዱን አቀረቡ፤ አስገር ሳንቃውን መታ፤ ቦዲል ኖራውን አወጣች፤ ላውሪትስ ግንቡን ገነባ፤ ግንቡ ሦስት ሳምንት ደረቀ፤ ሞንስ ደወሉን ሰቀለ፤ እማማ ማረንም ገመዱን ጨብጠው ሳቡ። ድምፁ መጀመሪያ በእግራቸው ገባ፤ ከዚያ ደረታቸውን፣ በመጨረሻም ጆሯቸውን ሞላው።

«ይሰማዎታል?» አለ ሞንስ እየጮኸ።

«ምን ያስጮህሃል? እሰማለሁ» አሉና ደግመው ሳቡ።

በዚያው ዕለት ስድስቱ ተሰብስበው ያለ አንድ ተቃውሞ እንዲህ ወሰኑ፦ ከእንግዲህ የጣሪያ እንጨት በቆመበት ቀን ማዕድ ይቅረብ፤ ደወል ማዕድን ይከተል እንጂ ማዕድ ደወልን አይጠብቅ፤ የገለባው ሰውም ከነአንገትጌው ይውረድና በቄሱ ጠረጴዛ ፊት፣ መርሐ ግብሩ በነበረበት ግድግዳ ላይ ይሰቀል።